ስለ «ባና» ታፔላና ስለተቆለፈው በር

ቅዳሜ መስከረም 11 ቀን 2000 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የ«ባና» የሱፍ ብርድ ልብስ አምራቾች ማኅበር ኮሚቴ መሐል ሜዳ በሚገኘው የማኅበሩ ሱቅ ውስጥ፣ ቀኑ የገበያ ቢሆንም በሩን ከውስጥ ቆልፎ ተሰበሰበ። አምስቱም አባላት ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የተገኙ፦
አቶ ገብረየሱስ፣ ሰብሳቢ
መሪጌታ አባይነህ፣ አባል
ወ/ሪት አርሴማ፣ አባል፣ ከቤይሩት ተመላሽ
ወ/ሮ ጌታነሽ፣ አባል፣ ሱፍ ፈታይ
ወሰኔ፣ ጸሐፊ፤ ሌላ እጁን ያወጣ ስላልነበረ የተመረጠ

ብርዱ ስለከፋ አባላቱ ከመደርደሪያው አንዳንድ ባና «ለናሙና» ደርበዋል። ሰብሳቢው ሁለት።

አጀንዳ 1፦ ስለ ታፔላው

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ ከአማርኛው ሥር ስማችን በላቲን ፊደል ከተጻፈ ወዲህ ችግር ተፈጥሯል። ቃሉ በኦሮምኛ «ክፍት» ማለት ሆኖ ተገኝቷል። የሰላሌው ነጋዴ አቶ ደቻሳ ባለፈው እሑድ ታፔላውን አምነው የተዘጋውን በር ሲገፉ መወርወሪያው ተነቅሎ በማኅበሩ ወጪ ተጠግኗል። ሲጠየቁም፣ «ክፍት ነው ብላችሁ ጽፋችሁ ትቆልፋላችሁ፤ ጥፋተኛው እኔ ነኝ?» ብለዋል። ስለዚህ ስሙ ይቀየር አሉ ሰብሳቢው።

መሪጌታ ተቃወሙ። ቃሉ ከግእዙ «ብነ» የወጣ ነው፣ ትርጉሙም «አለን» ነው፤ ለሱቅ ከዚህ የተሻለ ስም የለም አሉ። ወ/ሪት አርሴማ በዐረብኛ «ገነባ» ማለት መሆኑን ጠቅሰው፣ ቤይሩት ላይ ቢታይ ሲሚንቶ ሻጭ እንመስላለን ሲሉ ስጋታቸውን ገለጹ። ቤይሩት ሄዶ ማን ሊያሳየው ነው የሚል ጥያቄ ተነሥቶ በይደር ታለፈ። ሰብሳቢው ግን ቃሉ የመጣው «ባነነ» ከሚለው ነው፣ ባና የለበሰ ሰው ተኝቶ አይባንንምና አሉ። መሪጌታ፣ «እንግዲያማ ስሙ ‹አይባንን› መሆን ነበረበት» ብለው ስለሳቁ፣ ሳቁ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ታዘዘ። ጸሐፊው ስለረሳው ገብቷል።

በዚህ መካከል በሩ ተንኳኳ፤ ከውጭ የሰው ድምፅም ተሰማ። ወ/ሮ ጌታነሽ፣ «አቶ ደቻሳ ናቸው፣ በድምፃቸው አውቄያቸዋለሁ። ልጄ ጽናት ሰኞ ደብረ ብርሃን ትምህርት ትጀምራለች፤ ክረምቱን ሙሉ የፈተልሁት ካልተሸጠ በምን ልላካት? ልክፈትላቸው» ብለው ለመኑ። ከአጀንዳ ውጭ ነው ተባሉ። ጸሐፊው አዝኗል፤ ማዘኑ ግን ድምፅ ሆኖ አይቆጠርም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣

1.1 ማኅበሩ ዝተት የሚባለውን ወፍራም ልብስ ባይሠራም ስሙ «ዝተት» እንዲባል፤

1.2 እስከዚያው ከታፔላው ሥር «በአማርኛ ብቻ ይነበብ» የሚል ማሳሰቢያ እንዲጨመር ተወሰነ።

ወ/ሮ ጌታነሽ፣ አማርኛ ማንበብ የማይችል ሰው ማሳሰቢያውን በምን ያነበዋል ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ማንኳኳት

በሩ እንደገና ስለተንኳኳ አጀንዳው በአስቸኳይ ተያዘ። «ማንኳኳት ክልክል ነው» የሚለው በስንት ቋንቋ ይጻፍ በሚለው ላይ አባላቱ ሲጯጯሁ፣ ወ/ሮ ጌታነሽ እጃቸውን ሳያወጡ ተነሥተው በሩን ከፈቱት።

አቶ ደቻሳ ብቅ ብለው «ባና?» አሉ። ወ/ሮ ጌታነሽ «ባና!» አሉ። ማን በየትኛው ቋንቋ እንደተናገረ አልተጣራም፤ ተግባብተዋል። አቶ ደቻሳ መደርደሪያውን ጠርገው ከገዙ በኋላ አባላቱ የደረቡትን እያዩ «እነዚህስ?» ሲሉ ጠየቁ። ወ/ሮ ጌታነሽ ከሰብሳቢው ትከሻ ጀምረው አንድ በአንድ ገፈፉ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ጽናት ሰኞ እንደምትሄድ ተበሰረ። በተራ ቁጥር 1.1 እና 1.2 የተወሰነው፣ በአጀንዳ 2 ሊወሰን የነበረውም ጭምር ተሽሮ ስሙ «ባና» ሆኖ እንዲቀጥል፣ በሩም ወ/ሮ ጌታነሽ ከመነሣታቸው በፊት በሙሉ ድምፅ እንደተከፈተ እንዲቆጠር ተወሰነ። መሪጌታ «አለን» የሚለው ትርጉም ለጊዜው እንደማይሠራ አመኑ።

የሚለበስ ባና ባለመኖሩ ስብሰባው በብርድ ምክንያት ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተበተነ። በሩ ክፍት ነው።