ከማን ኋላ ልቁም?

ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ነው። ወሩ የካቲት፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፤ ደመና የሚባል የለም። ዝናብ ከሌለ የድንቼ ተስፋ የመስኖው ቦይ ነው። የኔ ማሳ ደግሞ ቦዩ መጨረሻ ላይ ነው። ከኔ በታች ያለው ገደል ብቻ ነው።

ብዙ አላወራም፤ ልጆቼን ጠይቁ። ይህን ግን ስሙኝ።

ውሃውን በተራ የሚያካፍለን ሰው የውሃ አባት ይባላል። ለዓመታት አያ ታከለ ነበሩ። ማሳቸው ቦዩ ራስ ላይ ነው። በየዓመቱ «ታከለ ይቀጥሉ» ይባላል፣ ይጨበጨባል፣ ወደየቤታችን እንሄዳለን። እሳቸውም መጀመሪያ የራሳቸውን፣ ቀጥሎ የወንድማቸውን ያጠጣሉ። ለኔ የሚደርሰኝ ጭቃ ነው። ሁሉ ያጨበጨበለት ሰው ማንን ይፈራል?

ዘንድሮ የምርጫ ዓመት ነው። ሬዲዮው የፓርቲ ስም ሲደረድር ይውላል። አርብ ገበያ ወርደን እህሉን ትተን ስለ ፓርቲ ስንከራከር ዋልን። ስንመለስ፣ «አገር ብዙ ተወዳዳሪ ካለው እኛስ ምን ቸገረን?» ተባለ። ለውሃ አባትነት ከእኛ ከቦዩ ታችኞቹ ሦስት ሰው ተነሣ፦ ቄስ ምናሉ፣ የባለቤቴ ወንድም አለሙ፣ የልጄ አማት አያ ደርሶ። ከላይኞቹ አያ ታከለ ብቻ።

ምርጫው ሜዳ ላይ ነው። ከመረጥኸው ሰው ኋላ ሄደህ ትቆማለህ። እኔ ከቄሱ ኋላ ቆምሁ። ዞር ስል ባለቤቴ ከወንድሟ ኋላ ናት፤ ልጄ ከአማቱ ኋላ ነው።

«ና ወደዚህ!» አልሁት።

«አባየ፣ አማቴ እያዩኝ? ማታ እራት ማን ይሰጠኛል?»

ሚስቴንማ አልጠራኋትም። ዓይኗን አይቼ ተውሁት።

እንዲህ ስለተበተንን አያ ታከለ በጥቂት ሰው በልጠው አለፉ። እኛ የታችኞቹ አንድ ላይ ብንቆም እኮ የሳቸውን እጥፍ ነበርን! ድንቼ አበቃለት አልሁ። ቄሱም ሰበሰቡንና «ከርሞ ሁላችን ከአንድ ሰው ኋላ» አሉ። ተስማማን።

አንድ ማለዳ ማሳየ ስደርስ ውሃው ቀድሞኛል። አያ ታከለ ዶማቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«አያ ታከለ፣ ምነው በደኅና?»

«አንተ እንኳ ከቄሱ ኋላ ቆምህ» አሉኝ።

«ቆምሁ።»

«ተበትናችሁልኝ እንኳ ያለፍሁት በጭንቅ ነው። ከርሞ ከናንተ ጥቂቱ እንኳ ወደኔ ካልመጣ ወዴት እገባለሁ? በል አጠጣ፣ ውሃው አይፍሰስ!»

ድንቼ እስኪጠግብ ጠጣ።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ነገርኋት። «የከርሞውን ስምምነት ትቼዋለሁ። ሁላችን ከኋላው ከቆምን ያም ሰው ጀርባውን እንደሰጠን ይቀራል» አልሁ።

«ታዲያ ከማን ኋላ ልትቆም ነው?»

«ከማንም። እኔም እወዳደራለሁ።»

ሳቀች። «ማን ከኋላህ ሊቆም?»

«አንቺስ?»

«ወንድሜ አለ እኮ!»

«ደግ ነው። ልመረጥ ብየ አይደለም፤ የተመረጠው እንዳይተኛ ነው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለቄስ ምናሉ ነገርኋቸው። ቅር አላቸው። እኔም በማግስቱ ዶማየን ይዤ ወደ ማሳየ ወረድሁ፤ ተራየ ነበር።