እመ ቁልፍ ፎዚያ በአንድ ቁልፍ የአቦምሳን ሰርቨር እንደከፈቱ

በዘመነ ብዙ ቁልፍ፣ የሰው ልጅ ለየበሩ ምስጢር ተሸክሞ በጎበጠበት ዓመት፣ ሙቀት በአዳማ ላይ በነገሠበት በወርኃ ግንቦት፣ ስህተት ከሩቅ የሚሸሻቸው፣ ኮምፒውተር እጅ የሚነሣላቸው፣ እመ ቁልፍ የተባሉት ወይዘሪት ፎዚያ ይህን ገድል ፈጸሙ።

ልዕልቲቱ ሁለት ቁልፍ ነበራቸው፤ ኦፕንፒጂፒ የተባለው የጻፉት ሁሉ የእጃቸው ሥራ መሆኑን ያትምላቸዋል፤ ኤስኤስኤች የተባለውም ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባቸዋል። ሁለት መሆናቸው ስላስቆጣቸው፣ ማኅተሙ ራሱ በር እንዲከፍት የሚያደርግ፣ ኋላ ማንም በነፃ እንዲወስደው የታሰበ መሣሪያ ሠሩ፤ ለሙከራም አቦምሳ በሚገኘው የገበሬዎች ማኅበር ሰርቨር ላይ ጫኑት።

ወእምዝ ሊዝናኑ ወደ ሶደሬ ወረዱ፤ ሠራዊታቸውም ተከተለ፦ የሥራ ባልደረባቸው ኮከብ ከነላፕቶፑ፣ ባለባጃጁ ገርባ፣ ከገርባም ጎን አንድ ታላቅ ሐብሐብ። በዚያም የልዕልቲቱ ላፕቶፕ፣ የኤስኤስኤቹን ቁልፍ በሆዱ እንደያዘ፣ ፍል ውሃው ገንዳ ውስጥ ሰጠመ። ሐዘኑ ሳይወጣላቸው የአቦምሳው ሰርቨር ሥራውን አቆመ፤ የተረካቢ ገበሬዎች መዝገብ በእርሱ ውስጥ ነበርና የምርጥ ዘር እደላውም ተቋረጠ። የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ኑሬ በስልክ አወጁ፦

«ስሚ ፎዚያ! ዘሩ መጋዘን ተቆልፎበታል፤ ዝናቡ መጣሁ እያለ ነው፤ ገበሬው ፀሐይ ላይ ቆሞ እኔን እኔን ያያል። በይ ድረሺልኝ!»

አሜሃ እመ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሏትን ፍላሽ ጨበጡ፤ ኦፕንፒጂፒው በእርሷ ውስጥ ነበርና። የኮከብን ላፕቶፕ ማርከው፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ሰፍረው፣ በሩን አንኳኩ። ሰርቨሩም «አይፈቀድም!» ሲል አወጀ። ደግመው አንኳኩ፤ «አይፈቀድም!» ኮከብ አንገቱን ደፋ፤ ገርባም ሐብሐቡን መብላት አቆመ። እርሳቸው ግን ቁልፉን መርምረው የአገልግሎት ጊዜው ትናንት ማለቁን ባዩ ጊዜ በሳቅ ፈነዱ፤ ወዲያውም ዕድሜውን አድሰው፣ የታደሰውን ይፋዊ ቅጂ በኢንተርኔት ለቀው፣ በስልክ አዋጅ አስነገሩ፦

«ቁልፌ ዕድሜው ተራዝሟል! ባለቤቱ ፈርሜበታለሁ! ጋሽ ኑሬ፣ ያሳየሁዎትን ይጫኑና አዲሱን ቅጂ ሰርቨሩ ላይ ያውርዱ!»

ኑሬም አወረዱ፤ በሩም ወለል ብሎ ተከፈተ። እመ ቁልፍ ዘልቀው ገቡ፤ የሞላውን ዲስክ ጠረጉ፤ ሰርቨሩንም ከሞት አስነሡ። ከአቦምሳም ሌላ አዋጅ መጣ፦ «ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ የኔ ልጅ! ሰልፉ ተንቀሳቀሰ!»

በዚያችው ቀን መሣሪያውን ለዓለም ሁሉ በነፃ ለቀቁት። ገርባ ክላክሱን እያስጮኸ አዳማ ሲያስገባቸው የከተማው ሰው ሙሽራ መጣች ብሎ እልል አለ፤ ያረመውም የለም። እኛም እንመሰክራለን፤ እልልታው ይገባቸው ነበር። የአቦምሳ በቆሎ ሳይቀር፣ ዛሬ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር፣ ከነሙሉ ማሳው ጎንበስ ብሎ ለእመ ቁልፍ እጅ ይነሣል።