ክብርት ይሉኝታ መቃብር ሲቆፍሩ

በየመሥሪያ ቤቱ ይሉኝታ ሊገድለው የደረሰ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛዋ ግን ሙታንም እንዳይቀየሟቸው ይሰጋሉ። ሥራቸው የጥንት መቃብር መቆፈር ነው፤ እኛ «ክብርት ይሉኝታ» እንላቸዋለን።

ክብርት ይሉኝታ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለሚከብዳቸው፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቀው በእግራቸው ይመለሳሉ። የሚጠባቸውን ጫማ የገዙት ሻጩ ብዙ ካርቶን ስለከፈተላቸው ነው። «ሰውዬው ደከመ እኮ፤ እንዴት ባዶ እጄን ልውጣ?» ይላሉ እያነከሱ።

እኚህን ሰው እንግዲህ መቃብር ውስጥ አስቧቸው። አጥንት ከመንካታቸው በፊት «ይቅርታ፣ ለአፍታ ነው» ይላሉ። አለቃችን እንዳልሰሙ ሆነው ያልፋሉ።

ባለፈው የቆፈርነው ከጥንቱ የሮም ግዛት ድንበር ብዙ ርቆ የሚገኝ መቃብር ነበር። የአንዲት አሮጊት አጽም ወጣ። ከተጨበጠው እጃቸው መሃል የሮም ሳንቲም ጠርዝ ብቅ ብሏል፤ መዳቡ ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። የተቀረጸበት ንጉሥ ማን እንደሆነ ከታወቀ የመቃብሩ ዘመን ይታወቃል፤ ካልታወቀ ልፋታችን ገደል ገባ። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል።

«ጣቶቹን ፈልቀቅ አድርጊና አውጪው» አሉ አለቃችን።

«ከሰው እጅ? እማማ አጥብቀው ይዘውት የለ እንዴ።»

«እህቴ፣ እማማ ከሞቱ ከሺህ ዓመት በላይ ሆናቸው።»

«ቢሆንም።»

ዝናቡ ጀመረ። እኛ ወደ ድንኳኑ ስንሮጥ እሳቸው የዝናብ ልብሳቸውን አውልቀው እጁ ላይ ዘረጉት። ከዚያ ዙሪያውን ቆፍረው፣ እጁን ከነአፈሩ አንስተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ራሳቸው በስብሰው መጡ። አለቃችን ቀኑን ሙሉ አኮረፏቸው።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ጥቅልሉ ራጅ ተነሣ። ንጉሡ ጥርት ብሎ ታየ፤ አለቃችን እፎይ አሉ። ከሳንቲሙ ሥር ግን ስንዴ የሚያካክሉ አጥንቶች ነበሩ። የሕፃን ጣቶች ናቸው። የቀረውን የሕፃኑን ለጋ አጥንት አፈሩ በልቶታል፤ የመዳቡ ዝገት የነካቸው እነዚህ ብቻ ተርፈዋል። አሮጊቷ የተቀበሩት የሕፃን እጅ ይዘው ነው፤ ሳንቲሙ በሁለቱ መዳፍ መሃል ነበር። ፈልቅቀነው ቢሆን ኖሮ ጣቶቹን ከአፈር ጋር ጠርገን እንደፋቸው ነበር።

አለቃችን መነጽራቸውን አወለቁ። ክብርት ይሉኝታ አለቀሱ፤ ሲያለቅሱ ስላየናቸው ደግሞ አፈሩ።

እኔ ሰው ሲንቀረፈፍ ደሜ ይፈላል፤ እሳቸውንም በዚሁ ሳማቸው ኖሬአለሁ። እወዳቸዋለሁ ግን። የእኔንም አጥንት አንድ ቀን የሚያወጣው ሰው ከመጣ፣ እባካችሁ እንደሳቸው ያለ ይሁን። የምቀበረው እናቴ አጠገብ ነው።