ለቻይናዎች የፈሰሰ እንባ

ለፊልም የሚያለቅስ ሰው ታምናላችሁ? እኔ እጠረጥራለሁ። ያን ሁሉ እንባ ለማን አስቀምጦት ኖሮ ነው?

የፋሲሎ ሰፈር ጎረቤቴ ታደለ፣ ሐሙሲት ከተማ ከሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ጋር የእናታቸውን ተዝካር እኔ ቤት ይደገስ፣ የለም እኔ ቤት ይደገስ ተባብለው ከተኳረፉ ወዲህ አይነጋገሩም። በተዝካሩ ቀን እንኳ ታደለ ጠብታ እንባ አልወጣውም።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ከቤቱ ኡኡታ ሰማሁ። የዕድራችን ዳኛ ማን ሞተ ብለው ሳይጠይቁ ለወንድሙ ደውለው "ቶሎ ድረስ!" አሉት። እኛም ነጠላችንን አዘቅዝቀን እያለቀስን ገባን። ታደለ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ይንሰቀሰቃል። የቻይና ፊልም ነው፤ አንድ ልጅ እናቱ መቃብር ላይ ቆሞ አባቱን አላናግርም ብሎ ጀርባውን ሰጥቶታል።

"እንዴት ሰው የገዛ ሥጋውን ይዘጋል?" አለን ታደለ አፍንጫውን እየጠረገ።

ለቅሶ የመጣ ሰው መቼም ከበር አይመለስም። ተቀመጥንና አብረነው አየን። ፊልሙ ሳያልቅ ወንድምየው "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለ ደረቱን እየደቃ ገባ። ታደለ ዓይኑን ከቻይናዎቹ ሳይነቅል ፈቀቅ አለለት። ወንድምየው አጠገቡ ተቀመጠ፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው አለቀሱ። ለቻይናዎቹ ነው? እንጃ፣ እኔ አላመንኋቸውም።

ፊልሙ ሲያልቅ ወንድምየው ወደ እኔ ዞረ።

"ለዚህ ሰውዬ ንገረው፤ ፊልሙ ጥሩ ነው።"

ታደለም ወደ እኔ ዞረ።

"እሑድ ሌላ አለ በለው።"