ሦስተኛው አቃፊ

«እኔ የምቀመጠው ጋሼ ጭን ላይ ነው» አለ የአራት ዓመቱ ሰይድ፤ ለሦስተኛ ጊዜ መሬት ላይ ተዘርግቶ።

«አክስትህ ከቢስቲማ መጥታ የለም እንዴ? እሷ ታቅፍሃለች» አሉት አባቱ፣ አከራዬ አያ ይመር። ልጁ «ጋሼ» የሚለኝ እኔ፣ የታጠበ ሸሚዜን ለብሼ ቤታቸው ውስጥ ከበሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ልጆቹን ሽርሽር የሚወስድ አባት ገጥሞህ ያውቃል? ጥቅምት ገብቶ የደሴ ብርድ ሲጠና፣ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ይወርዳል። አውቶቡስ ላይ የታቀፈ ልጅ አይከፍልም። ልጆቹ ግን ሦስት ናቸው፤ እናትና አባት አንድ አንድ ቢያቅፉ አንዱ ይተርፋል። ታዲያ ወንደላጤ ለምን ተፈጠረ? እኔ ሞኙ፣ የራሴን ትኬት እየቆረጥኩ፣ በየጥቅምቱ የምጋበዘው ለጨዋታዬ ይመስለኝ ነበር። አምና የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሰይድ ደረቴ ላይ አስታወከ፤ እኔም እንደ ጀግና ሜዳይ ለጥፌው ኮምቦልቻን ስዞር ዋልኩ። የቤተሰብ ሰው ሆኛለሁ ብዬ!

«ጋሼም ይምጣ» አለ ሰይድ።

አያ ይመር ወደ እኔ ዞሩ። «ወላሂ፣ ብትመጣ ደስ ባለን። ግን...»

«ዛሬ የቀበሌ ስብሰባ አለብኝ» አልኳቸው።

ስብሰባው ባለፈው እሁድ ነበር። እሳቸውም አጠገቤ ተቀምጠው ሲያንቀላፉ ነበር።

«ስብሰባ ከሆነማ ምን ይደረጋል» አሉ፣ እፎይ ብለው።

የሰይድን ጫማ አሰርኩለትና ወጣሁ። ደጃፉን ሳልለቅ በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።