ጋሽ ጎሹ ያሳመሩት ይርጋ

በየከተማው፣ ያገኘውን ነገር ሁሉ ካላሳመረ እጁ የማያርፍ አንድ ሰው አይጠፋም። የሰው ወጥ ቀምሶ ጨው የሚጨምር፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ የድንኳን ገመድ ፈትቶ እንደገና የሚያስር። ለዲላ የተመደቡላት ጋሽ ጎሹ ናቸው።

ክቡርነታቸው «ጎሹ ዘመናዊ ሰዓሊና ፎቶ ቤት» የሚል ታፔላ ሰቅለው፣ የሰው ፎቶ ላይ በዘይት ቀለም ይቀባሉ። ባዶ እግሩን የተነሳ ገበሬ ጫማ አድርጎ ይወጣል፤ ጨፍኖ የተነሳ ሚዜ ዓይኑ ይበራል። ሹፌሩ ወንድይፍራው ለመንጃ ፈቃድ የተነሳውን ፎቶ ከረባት አስረው፣ በራሰ በራው ላይም ፀጉር አብቅለው ሰጡትና ቢሮው «ባለፎቶው ራሱ ይምጣ» ብሎ መለሰው። ወቀሳ ሲመጣ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ትንሽ ብቻ ነው የነካሁት።»

ባለፈው ክረምት ጎረቤታቸው ካሳነሽ የሟች ባሏን የይርጋን ፎቶ ይዛላቸው መጣች። ይርጋ ሬኮ በሚባለው መንደር የቡና ማጠቢያ ዘበኛ ነበር፤ ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር። ስልክ ሲደገንበት ፊቱን የሚያዞር ሰው ስለነበር፣ በዚህ ምድር ላይ የቀረለት ፎቶ ይቺው ከሰው ሠርግ ላይ ድንገት የተነሳት ብቻ ናት። ፀጉሩ ሸብቷል፣ አንድ የፊት ጥርሱ ጎድሏል፣ ከልቡ ይስቃል። ካሳነሽ የጠየቀችው ፍሬም ብቻ ነበር።

ጋሽ ጎሹ ግን ሟቹን ይወዱት ነበር፤ የሚወዱትን ደግሞ እንዲሁ መተው አይሆንላቸውም። ኮት አለበሱት፣ ሽበቱን አጠቆሩለት፣ ጥርሱን ሞሉለት። በዚህ መሃል ሳቁ ጠፍቶ ሰውየው ኮስተር አለ። ካሳነሽ ስትረከብ ብዙ አየችውና «ይባረኩ ጋሼ» ብላ ሄደች። ደስታ ነው ያፈናት ብለው ሳምንቱን ሙሉ ሲኩራሩ ሰነበቱ።

እሷ ግን ልትሰቅለው አልቻለችም። የማታውቀው ወንድ ግድግዳዋ ላይ ሊውል ነው? ልትጥለው ደግሞ ሆዷ እምቢ አለ። ሲጨንቃት ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ጣሪያ በተጠራው የቤተ ክርስቲያን ጨረታ ላይ ለጌታ ቤት ብላ ሰጠችው።

የእኛ ጨረታ ደንቡ ይታወቃል፤ ያሸነፈ ይከፍልና ዕቃውን «መልሻለሁ» ይላል፣ እንደገና ይሸጣል። የዚያን ዕለት አንድ አውራ ዶሮ አምስት ጊዜ ተሽጦ አሁንም ጌታ አልነበረውም። ወንጌላዊ ታዲዮስ ፎቶውን ከፍ አድርጎ፣ እኚህ ታላቅ ሰው ማን እንደሆኑ ባናውቅም ፍሬማቸው ብቻውን ዋጋ ያወጣል ሲል ሕዝቡ ሳቀ። የቡና ነጋዴው ሚሊዮን የድሮ ሚኒስትር መስሎት ገዛና መለሰ። ሌላውም ገዝቶ መለሰ።

ጨረታው ላይ የነበሩት ጋሽ ጎሹ መጀመሪያ፣ ሰው ሥራቸውን ሲሻማ ሲያዩ ደረታቸው ተነፋ። ኋላ ግን ነገሩ ገባቸው። የይርጋን ሬሳ የተሸከሙት ሰዎች እዚያው ተቀምጠዋል፤ አንድም «ይርጋ እኮ ነው» ያለ የለም። ዞር ብለው ካሳነሽን ቢያዩ አንገቷን ደፍታለች። አቤት ያፈሩት ማፈር!

ብድግ ብለው የመጨረሻውን ዋጋ እጥፍ ጠሩና አሸነፉ። ሕዝቡ «መልሻለሁ» እንዲሉ ሲጠብቅ፣ ፎቶውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ውልቅ። ከእግዚአብሔር ቤት ዕቃ ይዞ የሄደ ንፉግ ተብለው እስከ ፍስሐ ገነት ከተማ ድረስ ታሙ። እኔም አምቻቸዋለሁ፣ ይቅር ይበለኝ።

ቀለሙ ገና በደንብ አልደረቀም ነበር። ሱቃቸውን ሦስት ቀን ዘግተው፣ ጥጥ በዘይት እየነከሩ ቀስ በቀስ ጠረጉት። ፎቶው ከቀለሙ ጋር ተልጦ ቢነሳ ይርጋን ሁለተኛ መግደል ነው። መጀመሪያ ኮቱ ለቀቀ፣ ቀጥሎ ሽበቱ ብቅ አለ፣ በመጨረሻ ከነጎደሎ ጥርሱ ሳቁ መጣ።

በአራተኛው ቀን ይዘውላት ሄዱ። ይቅርታውን ከቤት አጥንተው ነበር የወጡት፤ ለመናገር ግን ፋታ አላገኙም። ካሳነሽ ፎቶውን በሁለት እጇ ተቀብላ ስታየው፣ አጠገቧ ሰው መኖሩንም ረሳች።

«አንተ፣» አለችው ይርጋን፣ «እስካሁን የት ቆይተህ ነው?»

ጋሽ ጎሹ ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ። ግቡ ያላቸው፣ እጅዎ ይባረክ ያላቸው የለም። ዕድሜ ልካቸውን ምስጋና ሲለቅሙ የኖሩት ሰው ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና፣ ባልና ሚስቱን እንዳይረብሹ በሩን ቀስ ብለው ገርበብ አድርገው ሄዱ።