አደባባይ የሠራሁላት ቪላዬ

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም እንኳን በሰፈራችን በጉቶ ሜዳ፣ በአገሩ ያየው የለም። እኔ ጥጋቡ ሕልም ሳይ እንኳ ከጎረቤት አላንስም።

የከተማው ፕላን ሠራተኞች በሙሉ በሬ ላይ ተሰልፈው ነበር። ሰልፉ ከኔ በር ተነሥቶ፣ አስፋልቱን አቋርጦ፣ ሌላ ክፍለ ከተማ ይገባል። ሠላሳ ዓመት የኖርንበትን ሰፈር መልሰው ሊያለሙ ፕላኑን እየከለሱ ነውና ፈቃዴን ሊለምኑ መጥተዋል። ሁሉም የመታወቂያ ኮፒና አራት ጉርድ ፎቶ ይዘዋል።

«ጋሼ ጥጋቡ፣ ከማክሰኞ ጀምረን ቆመናል» አለኝ የፊተኛው።

«ሲስተም የለም። ነገ ተመለስ። ደግሞ ይሄ ፎቶህ ጆሮ አያሳይም።»

ሰውዬው አለቀሰ። እኔ ግን ደስ ሲለኝ!

ወደ ሰፈሩ ስገባ ቤቶቹ ተነሥተው መሐንዲሶቹን በሜትር ይለካሉ። የጎረቤቴ የእትዬ ድንቄ ጭቃ ቤት ቆርቆሮዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ አንዱን መሐንዲስ ከትከሻ እስከ ትከሻ ለካችው።

«ይሄ ከደረጃ በታች ነው፤ ይነሣ» ብላ ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ አደረገችበት።

«ምትክ የለውም እንዴ?» አለ መሐንዲሱ።

«ምትክ ትከሻ ይሰጥሃል። የት እንደሆነ ገና አልተወሰነም።»

ወዲያው ኳስ ሜዳው ላይ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢዎቹ ሰፈሩ ሲሠራ አሸዋና ድንጋይ ያመላለሱት አህዮች ናቸው። ካርታው ሜዳውን ሙሉ ተዘርግቷል። ሊቀ መንበሯ አህያ መነጽሯን አስተካክላ «ይህ ሰፈር ያለ አቶ ጥጋቡ አይሳልም» አለችና እርሳሱን ሰጠችኝ። እርሳሱ የመብራት ምሰሶ ያህላል። በአንድ እጄ አነሣሁት።

መጀመሪያ ለቪላዬ አደባባይ ሠራሁላት። እውነቱን ለመናገር ሁለት ክፍልና አንድ ሰርቪስ ናት፤ እኔ ግን ቪላ ነው የምላት። አርባ ፎቅ ጨመርኩላት። እጄ ሲሞቅ የሰውንም ቤት መነካካት ጀመርኩ።

እትዬ ድንቄ ከካርታው ሥር ብቅ አሉ። «ጥጋቡ፣ የኔ ቤት የት ገባ?»

«እርስዎ አረንጓዴ ቦታ ሆነዋል።»

«አምስት ልጅ ያሳደግኩበት?»

«ሣሩ ላይ መቀመጥ አይከለከልም፣ እትዬ።»

ቤታቸው ቆርቆሮዋን አውልቃ ደረቷ ላይ ያዘች፤ ቀብር ላይ ባርኔጣውን እንዳወለቀ ሰው።

«የተስማማ ይፈርም» አለች አህያዋ።

ሰው ሊቀድመኝ? ዘልዬ ተነሣሁና ካርታውን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን ፊርማ አኖርኩ። ቀና ስል ከሰማይ ቀይ ቀለም ፊቴ ላይ ተንጠባጠበ።

«ተነሥ አንተ!» ባለቤቴ ዘርፌ ነበረች፤ እጇ በቀይ ቀለም ተጨማልቋል። «በሩን ቀብተውት ሄዱ። ባጥበው፣ ባጥበው አልለቅ አለኝ።»

በቢጃማዬ ወጣሁ። በሬ ላይ ኤክስ፣ ከሥሩም «1» ይላል። ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ «በነዋሪው ሙሉ ስምምነት የሚፈርስ» ይላል። የስምምነቱ ማስረጃ ደግሞ ከሥሩ ተያይዟል። የቅዳሜው የመልሶ ማልማት ስብሰባ አቴንዳንስ ነው፤ ውኃና ብስኩት ሲያድሉን የፈረምንበት። አንደኛው መስመር ላይ የኔ ፊርማ ሁለተኛውን መስመር ጭምር ይዞ ተንጣሏል። የእትዬ ድንቄ ጣት አሻራ እሱ ሥር ቦታ አጥቶ ጥግ ላይ ተለጥፏል።

እትዬ ድንቄ «2» የተጻፈበት በራቸው ላይ ቆመው ነበር።

«ጥጋቡ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ቅዳሜ ‹ካርታውን አንብቤዋለሁ፣ ፈርሙ› ብለኸን የለም እንዴ?»

ካርታውን እኮ አይቼዋለሁ። ተጠቅልሎ።